ያውቁ ኖሯል? አልፈታ ያለ ብሎን፣ ኢምፓክትና የእጅ መፍቻ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣ የጭነት መኪና ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማ በርን ተሻግሮ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። በዚህ መንገድ ዳር ባሉ ጎሚስታ ቤቶችና ጋራዦች የአየር መፍቻው፣ ባለሙያዎቹ «ኢምፓክት» የሚሉት፣ ከማለዳ ጀምሮ ሲንጣጣ ይውላል። ይህ ዓምድ ለእነዚያ ባለሙያዎች፣ ለረዳቶቻቸውና መኪናቸውን ቆመው ለሚያሠሩ ሁሉ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ኮምፕሬሰር ቶሎ እንደማይሞላ ያውቁ ኖሯል? ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቷ በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ጅቡቲ ወደብ ላይ በ5 ደቂቃ የሚሞላ የአየር ታንክ እዚህ 7 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ጌጁ ሳይሞላ ቃታ የሚስብ ሰው የሚያገኘው ደካማ ምት ነው፤ ደካማ ምት ሲረዝም ደግሞ ዳዶው ሳይፈታ ጠርዙ ይላጣል። ታንኩ እስኪሞላ ብሎኑን ዘይት ማጠጣት ይሻላል።

ዝገት ከዛገው ብረት በላይ ቦታ እንደሚይዝስ? ብረት ሲዝግ ከሁለት እጥፍ በላይ ያብጣል፤ በብሎኑና በዳዶው ጥርስ መካከል ያለችው ጠባብ ክፍተት በዝገት ተጠቅጥቃ የምትይዘው ለዚህ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው መሣሪያ የሽቦ ብሩሽ መሆን አለበት፤ ኢምፓክቱ ተራውን ይጠብቅ። ጭቃውና ዝገቱ ይጠረግ፣ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ይጨመር፣ የዳዶው ጎን በመዶሻ ቀስ ተብሎ መታ መታ ይደረግ። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ዘይት ስለሚወፍር ወደ ጥርሱ የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። ሥራው የማይቸኩል ከሆነ ማታ አጠጥቶ ጠዋት መፍታት ብዙ ድካም ያድናል።

የያዘ ብሎን ለመፍታት አንዳንዴ መጀመሪያ ጥቂት ማጥበቅ ያስፈልጋል። እጀታው ረጅም በሆነ የእጅ መፍቻ ወደ ማጥበቂያው በኩል ነቅነቅ ሲያደርጉት ዝገቱ ይሰበራል፤ ከዚያ ወዲያና ወዲህ እያሉ ማላላት ነው። ኢምፓክቱ የሚገባው ከዚህ በኋላ፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ እየተመታ ነው። እጅ የሚሰማውን ኢምፓክት አይሰማም፦ ብሎኑ ሊቆረጥ ሲል እንደ ሊጥ መለስለሱ የሚታወቀው በእጅ መፍቻ ነው።

የብዙ የቆዩ ጃፓን ሠራሽ የጭነት መኪኖች፣ ከእነዚህም የአይሱዙ፣ የግራ ጎማ ብሎኖች በተቃራኒው አቅጣጫ እንደሚፈቱ ያውቃሉ? ብሎኑ ጫፍ ላይ «ኤል» የምትለው የላቲን ፊደል ተቀርጻ ትገኛለች። እሷን ሳያይ የጀመረ ረዳት እየፈታ መስሎት ያጠብቃል፤ በኢምፓክት ከሆነ ብሎኑን በጥሶ ይጥለዋል።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ። የሚያብረቀርቀው ቡሶላ ኢምፓክት ላይ ሲገጠም ተሰንጥቆ ሊፈናጠር ይችላል። ለእጅ የተሠራ ቡሶላ ባብዛኛው ክሮም ቫናዲየም ከሚባል ብረት የሚሠራ፣ ግድግዳው ስስ የሆነ፣ ቀስ ብሎ ለሚመጣ ግፊት የታሰበ ነው። ኢምፓክት ደግሞ በደቂቃ ከ1,000 ጊዜ በላይ ይመታል። ለዚህ ምት የተሠራው ቡሶላ ጥቁርና ወፍራም ነው፤ ባብዛኛው ክሮም ሞሊብዲነም ነው፣ ምቱንም ሳይሰነጠቅ ይችለዋል። ጥቁሩን በእጅ መፍቻ ላይ መጠቀም ችግር የለውም፤ የሚያብረቀርቀውን ኢምፓክት ላይ መግጠም ግን ፈጽሞ አይገባም። ማስረዘሚያውና ተጣጣፊ መገጣጠሚያውም በዚሁ ሕግ ይገዛሉ። ስድስት ማዕዘን ያለው ቡሶላ የዳዶውን ጠፍጣፋ ጎን ስለሚይዝ፣ አሥራ ሁለት ማዕዘን ካለው ይልቅ ለያዘ ብሎን ይመረጣል። ጥቁሩ ውድ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ይወደዳል፤ ግን ስንጥሩ የሚሄደው ወደ ዓይን ነው፣ መነጽርም ብዙ ጊዜ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይውላል።

ኢምፓክት ያን ያህል ኃይል እያለው ክንድን የማይጠመዝዘው ለምን ይመስልዎታል? በውስጡ የሚሽከረከር ከባድ ብረት ዘንጉን በአጭር በአጭሩ ስለሚመታ ወደ እጅ የሚመለሰው ኃይል ትንሽ ነው። የእጅ መፍቻ ግን ሁሉንም ይመልሳል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው መፍቻው ላይ በተሰካ የ1 ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ ቢቆም ወደ 690 ኒውተን ሜትር የሚጠጋ የማዞር ኃይል ይፈጥራል፤ ለብዙ ትናንሽ መኪኖች ጎማ ከሚመከረው ከ100 እስከ 120 ኒውተን ሜትር ጋር ሲተያይ ስድስት እጥፍ ገደማ ነው። ቱቦው ሲያፈተልክ ሰውየው ከነክብደቱ ይወድቃል። ስለዚህ ቱቦ ላይ መቆም ይቅር፤ እግርን አጽንቶ መፍቻውን ወደ ራስ መሳብ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ብሎን ላይ ሲገናኙ ነው። ባለሙያው በአንድ ወገን ኢምፓክቱን ይዟል፤ ከወዲያ በኩል ረዳቱ፣ ብዙ ጊዜ ልጅ እግር፣ ዳዶው እንዳይዞር በእጁ መፍቻ ይዞለታል። ቃታው ሲሳብ ያ መፍቻ በቅጽበት ዞሮ ጣቶቹን ከሻንሲው ጋር ያጣብቃል። መፍቻው ቀድሞ ከሻንሲው ጋር ተደግፎ እንዲቆም ተደርጎ፣ የረዳቱ እጅ ርቆ መጀመር አለበት። ረዳቱ «እጄ ወጥቷል» ብሎ ሳይናገር ቃታ አይሳብ።

ደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱትና አንኮበር ያደጉት ዳግማዊ አጼ ምኒልክ፣ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ እንደከለከሉስ ያውቁ ኖሯል? ለባለሙያ ክብር ዛሬም ያስፈልጋል፤ ጓንትና መነጽር መግዛትም የክብሩ አንድ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

በብርዱ አንገት ላይ የሚጠመጠም ፎጣና ስካርፍ በሚዞር ቡሶላ ሊያዝ ይችላል። ሥራ ላይ ከልብስ ሥር ይግባ።

የአየር መፍቻ ድምፅ ብዙ ጊዜ 100 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተመራማሪዎች ለዚህ መጠን ድምፅ በቀን የሚፈቅዱት 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የጆሮ መድፈኛ ርካሽ ነው።

በውርጭ ሌሊት ታንኩ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ቱቦው ውስጥ ሊረጋ ይችላል፤ ማታ ይፍሰስ። በባትሪ የሚሠራ ኢምፓክት ያለዎት ከሆነ፣ የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ቻርጅ አይደረግም፤ ቤት ውስጥ ይደር።

አልፈታ ያለ የጎማ ብሎንን በእሳት ማጋል ሰው እንደሚገድልስ? ቸርኬው ሲግል ጎማው ከውስጥ እየተቃጠለ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል፤ ከዚያ ይፈነዳል፣ እሳቱ ከተነሣ ቆይቶም ቢሆን። ነፋሱን ማውጣት ብቻ በቂ አይደለም። ጎማ የተገጠመበት ቸርኬ ላይ እሳትም ብየዳም አይቅረብ። ሁሉም መንገድ ካለቀ ዳዶውን በስካርፔሎ መሰንጠቅ ወይም መቁረጥ ነው፤ ብሎንና ዳዶ ይገዛል።

አንኮበር ዳገት ላይ ጎማ ቢፈነዳብዎ፣ መጀመሪያ ከተቃራኒው ጎማ ሥር ታኮ፣ ቀጥሎ ጎማው መሬት እንደያዘ ብሎኖቹን በእጅ መፍቻ ማላላት፣ ክሪክ ከዚያ በኋላ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም፤ የኢምፓክት ንዝረት ከቦታው ሊያንሸራትተው ይችላል።

ስለ መግጠም የመጨረሻዋን እናንሣ። ዳዶው የመጀመሪያዎቹን ጥርሶች በጣት ተይዞ ይግባ፤ በኢምፓክት የተጀመረ ዳዶ ጥርስ ስቶ ብሎኑን ያበላሻል። ማጥበቁ ተቃራኒ ለተቃራኒ እየተዘለለ፣ መጨረሻውም በቶርክ ሬንች ይሁን፤ ጌጁ በሚወጣና በሚወርድ አየር ላይ «በቃው» ማለት ግምት ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ደግሞ እንደገና ይለካል። ደብረ ብርሃን ላይ ጎማ ለቀየረ ሾፌር ያ ቦታ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደብረ ሲና ናት። ከጣርማ በር ቁልቁለት ሲወርድ ግን ፍሬኑና ቸርኬው ግለው ስለሚደርሱ፣ ሻይ እስኪጠጣ ይቀዝቅዙና ከዚያ ይለካ።