የላቫጆ ሥራና የዘወትር ደንበኛ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና ይዞ የሚጓዝ ሰው፣ ደምበጫንና ጅጋን አልፎ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ፣ ከዚያም በማንኩሳ አድርጎ ቡሬ ሲገባ፣ በመንገዱ ዳርና ዳር ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ላቫጆ ነው። አንድ ሮቶ ውሃ፣ አንድ የማጠቢያ ማሽን፣ የተጠቀለለ የውሃ ጎማ፣ ድንጋይ የተነጠፈበት መደብ፣ ቡትስ የተጫሙ ሁለት ሦስት ወጣቶች። ስሙን እንደ ጋቢና፣ እንደ ጎሚስታና እንደ ቦሎ ሁሉ ከጣሊያንኛ ወርሰነዋል፤ ሥራውን ግን የራሳችን አድርገነዋል።

ውድ አንባቢያን፤ «እኛ መኪና የለን፤ የመኪና እጥበት ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ግን ያገባናል። ላቫጆ በጥቂት ገንዘብ ከሚጀመሩ ሥራዎች አንዱ በመሆኑ ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ቤተሰቦች ይተዳደሩበታል። «የወንድ ሥራ ነው» እየተባለ ሴቶች ሲርቁት መቆየታቸው እውነት ነው። ሆኖም ሒሳብ መያዝ፣ ደንበኛ መቀበል፣ ንጽሕናን መቆጣጠር በወንድነትና በሴትነት የሚለካ አይደለም። የሚያስቸግረው ሥራውን መጀመሩ ሳይሆን ማቆየቱ ነው። ለዚህም ዋናው ምክንያት የዘወትር ደንበኛ ማጣት ነው።

ለምሳሌ ያህል አንዲት የሦስት ልጆች እናት እናስብ። በፍኖተ ሰላም ከአውራ ጎዳናው ዳር ግቢ ተከራይታ ላቫጆ ከፍታለች እንበል። የማሽኑንና የሮቶውን መግዣ ከፊሉን ከእቁብ፣ ከፊሉን ከብድር አግኝታዋለች። ሁለት ወጣቶችም ቀጥራለች። መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ከወለጋ በቡሬ በኩል የመጣው፣ ከባሕር ዳር የወረደው፣ ከአዲስ አበባ የወጣው የጭነት መኪና እየቆመላት ከጠዋት እስከ ማታ ቀና ሳትል ትውላለች። መንገዱ የተዘጋ ዕለት ግን ሮቶው እንደሞላ ይመሻል። ኪራዩ ግን አይቆምም፤ የብድሩ ቀንም አይገፋላትም፤ ልጆቹም «ደብተር አለቀብን» ማለታቸውን አይተዉም።

ይህ በሐሳብ ብቻ የተፈጠረ ስጋት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ የሕዝብ ትራንስፖርት ተገድቦ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ሳቢያ መንገዶች ደጋግመው ተዘግተዋል፤ የብዙ ሰው ሕይወትም አልፏል። በአላፊ አግዳሚ መኪና ላይ ብቻ የቆመ ላቫጆ እንዲህ ባለው ጊዜ ምን ያህል እንደሚንገዳገድ ለመረዳት አያዳግትም።

የሚያልፍ መኪናና የሚመለስ መኪና

አላፊው መኪና ዛሬ 15 ሊሆን ይችላል፤ ነገ ባዶ። የሚመለሰው ግን ትንሽም ቢሆን የሚታወቅ ነው። ለሒሳቡ እንዲመች ብቻ ዋጋ እናስቀምጥ። 12 ባጃጆች በሳምንት ሁለት ሁለት ጊዜ በ50 ብር ቢታጠቡ 1,200 ብር ይሆናል። 6 ሚኒባሶች በሳምንት አንድ ጊዜ በ150 ብር 900 ብር፣ 3 የመሥሪያ ቤት መኪናዎች በ200 ብር 600 ብር ያስገባሉ። ድምሩ በሳምንት 2,700 ብር፣ በአራት ሳምንት 10,800 ብር ነው። ዋጋው እንደየከተማው ይለያያል፤ አሠራሩ ግን አንድ ነው። ኪራዩ፣ የውሃው፣ የመብራቱና የሠራተኛው ደመወዝ ከዚህ ከታወቀው ገቢ ከተሸፈነ፣ ከአውራ ጎዳናው የሚመጣው ትርፍ ይሆናል። ካልተሸፈነ ግን ቤቱ በዕድል ይተዳደራል ማለት ነው።

ስለሆነም ላቫጆ የከፈተች እናት በመጀመሪያ ልትጠይቅ የሚገባት «ዛሬ ስንት መኪና አጠብሁ?» ብላ ሳይሆን «ዛሬ ካጠብኋቸው ውስጥ ስንቱ ተመልሶ ይመጣል?» ብላ ነው።

አዛዡን ማወቅ

መኪና በራሱ ደንበኛ አይሆንም። ከመኪናው ጀርባ የሚወስን ሰው አለ፤ ይህም ሰው እንደየመኪናው ይለያያል። ለባለቤቱ በየቀኑ የተወሰነ ገቢ የሚያስረክበው የባጃጅ ሹፌር የእጥበቱን ገንዘብ የሚከፍለው ከራሱ ድርሻ ላይ ነው። ለእርሱ ጊዜ ገንዘብ ስለሆነ ገና ጎሕ ሲቀድ ወይም ማታ ሥራ ሲያበቃ በአሥር ደቂቃ ካልታጠበለት ሌላ ዘንድ ይሄዳል። በጭነት መኪና በኩል ባለቤቱ ሩቅ ከተማ ሊኖር ይችላል፤ የት እንደሚታጠብ የሚመርጠው ግን ብዙውን ጊዜ ሹፌሩ፣ አልፎ አልፎም ረዳቱ ነው። እነርሱን አክብሮ የሚቀበል፣ የሚያርፉበት ጥላና የሚታጠቡበት ውሃ የሚያቀርብ ላቫጆ አይረሳም። ሻይና ቡና ጎን ለጎን ቢኖርማ መልካም ነው፤ ለሌላይቱ የቤተሰብ አባልም ሥራ ይሆናታል።

የመሥሪያ ቤት መኪና ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። በሹፌሩ መልካም ፈቃድ ብቻ አይመጣም። የስምሪት ኀላፊውንና የግዢ ክፍሉን ማነጋገር፣ ፕሮፎርማ ሲጠየቅ በወቅቱ ማቅረብ ያስፈልጋል። ለዚህም የታደሰ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ሕጋዊ ደረሰኝ የግድ ነው። ያለ ደረሰኝ ለመሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሒሳቡን ለማወራረድ ይቸገራል። ክፍያው ሊዘገይ እንደሚችል አስቀድሞ አስቦ፣ የሠራተኛ ደመወዝ በዚህ ገንዘብ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል መጠንቀቅ ይገባል። ባንኮች፣ ጤና ጣቢያዎች፣ ትምህርት ቤቶችና ፋብሪካዎች ሁሉ መኪና አላቸው። በቡሬ የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካና የተቀናጀው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቀዋል። እንዲህ ያሉ ድርጅቶች በሚገኙበት ከተማ ወረቀቷን አሟልታ በር የምታንኳኳ ባለሙያ ከመንገድ ዳር ቆማ ከምትጠብቀው ትሻላለች።

ደብተርና እቁብ

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። አዲስ ደንበኛ ለማግኘት ስንሮጥ ያለውን እንዘነጋለን። አንድ ተራ ደብተር ይህን ያስተካክላል። የታርጋ ቁጥሩ፣ የሹፌሩ ስም፣ ስልኩ፣ የታጠበበት ቀንና ያሰማው ቅሬታ ይጻፍበት። ሁለት ሳምንት ያልታየ ደንበኛ ካለ «ደኅና ነዎት ወይ? መኪናዎ ከታጠበ ሰነበተ» ብሎ መደወል ነውር አይደለም። እንዲያውም ብዙ ሰው ታስቤያለሁ ብሎ ይደሰታል።

እቁብ የለመደ ሕዝባችን ቀድሞ መክፈልን አይፈራም፤ የሚፈልገው እምነት ነው። አሥር ጊዜ ላሳጠበ አሥራ አንደኛውን በነጻ ማጠብ የተለመደ ዘዴ ነው። ሒሳቡ ሲታይ ከመቶ ዘጠኝ ብር ገደማ መቀነስ ማለት ነው። ይህን ያህል ትርፍ የሌለው ሰው ግን ቃል ባይገባ ይሻለዋል። የወሩን አስቀድሞ ለከፈለ ደንበኛ ከዋጋው ትንሽ ዝቅ ማድረግም ይቻላል። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሥራ ላይ በመዋሉ ሩቅ ያለ የመኪና ባለቤት እንኳ ከተቀመጠበት ሆኖ ሊከፍል ይችላል። ዱቤ ግን ወሰን ይኑረው፤ ሳይጻፍና ቀን ሳይቆረጥለት የተሰጠ ዱቤ ገንዘብንም ደንበኛንም ያስኮበልላል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ እምነት አለ። በመቀመጫ ሥር የተገኘ ሳንቲም፣ ስልክ ወይም ወረቀት በደብተር ተመዝግቦ ለባለቤቱ መመለስ አለበት። ለሠራተኞችም ይህ በመጀመሪያው ቀን ይነገራቸው። አንድ የጠፋ ዕቃ በአንድ ቀን በመናኸሪያው ሁሉ ይወራል፤ የተመለሰም እንዲሁ።

ሥራው ራሱ ይናገር

የዘወትር ደንበኛ የሚመለሰው መኪናው ሲታጠብለት እንጂ ሲረጥብለት አይደለም። ጭቃውና አሸዋው በውሃ ሳይወርድ በጨርቅ የተፈተገ ቀለም ይጫጫራል። እጥበት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ የጎማው ጨርቅም ለመስተዋት አይውልም። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት የቀለሙን ወዝ ስለሚያነሣ ለመኪና የተዘጋጀ ሳሙና ይመረጣል። በጠራራ ፀሐይ የታጠበ መኪና ሳሙናው ስለሚደርቅበት ይዥጎረጎራል፤ ስለዚህ ጥላ ያሻል። ሞተርን በቤንዚን ማጠብ የእሳት አደጋ አለበት፤ ናፍጣም የጎማ ክፍሎችን ይጎዳል። የማሽኑን ኃይለኛ ውሃ በኤሌክትሪክ ገመዶች ላይ መልቀቅም መኪናውን አላስነሣ ሊል ይችላል።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. በመከልከሉ የኤሌክትሪክ መኪና እየተለመደ መጥቷል። ይህን መኪና ኃይል በሚሞላበት ጊዜ ማጠብና በመሙያው ቀዳዳ ላይ ውሃ በኃይል መልቀቅ አይገባም። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ ያለው ላቫጆ ከጎረቤቱ ይቀድማል።

የውስጡ ጽዳትም ሊረሳ አይገባም። ከወንበርማ ወይም ከጃቢ ጠህናን ገጠር በርበሬ ጭኖ የመጣ መኪና ጋቢናው ሳይቀር ያስነጥሳል። በግና ዶሮ ያመላለሰ ሚኒባስ ተሳፋሪ ያሸሻል። ምንጣፉን አውጥቶ መምታት፣ መቀመጫውን ማጽዳት፣ መስተዋቱን መወልወል ለብቻው ዋጋ ሊወጣለት የሚገባ አገልግሎት ነው።

ወቅትን ማወቅ

በምዕራብ ጎጃም ክረምቱ ጭቃ፣ በጋው አቧራ ነው። ይሁንና ሐምሌና ነሐሴ «ነገ ይጨቀይብኛል» የሚል ደንበኛ ስለሚበዛ ለውስጥ ጽዳት ዋጋ መቀነስ ይቻላል። ከመስቀል በኋላ በርበሬውና በቆሎው ሲሰበሰብ የጭነት መኪና ይበዛል። ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ የሠርግ ወቅት ስለሆነ የሙሽራ መኪና ያስፈልጋል፤ በዐቢይ ጾም ግን ሠርግ የለም። የዓመቱ ቦሎ ምርመራ በሚደርስበት ጊዜም መኪናውን አጽድቶ ማቅረብ የሚፈልግ ብዙ ነው። ይህን በደብተሯ ያሰፈረች እናት ሳሙና መቼ እንደምትገዛ፣ ተጨማሪ ሠራተኛ መቼ እንደምትፈልግ ታውቃለች።

ውሃው፣ ጎረቤቱና ልጆቹ

በደቂቃ 15 ሊትር የሚያፈስ ጎማ አሥር ደቂቃ ክፍት ቢተው 150 ሊትር ውሃ ይሄዳል። በባልዲና በጨርቅ የተጀመረ፣ በመጨረሻ ብቻ በጎማ የተለቀለቀ መኪና ግን ከዚህ እጅግ ባነሰ ይታጠባል። የፈሰሰው ውሃ በግቢው ከተኛ ለወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። መኪናን ወንዝ አውርዶ ማጠብ ደግሞ ዘይቱንና ሳሙናውን ከታች ለሚጠጣው ከብትና ለሚቀዳው ሰው ማውረስ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም አካባቢን መበከልን ይከለክላል። ዘይቱን የሚያስቀር ጉድጓድ ማዘጋጀት ወጪ ቢመስልም ከጎረቤት ጠብ ያድናል። ጎረቤት የሚያማርረው ላቫጆ ደንበኛው አይበረክትም።

ልጆችም አሉ። «ትንሽ ያግዙኝ» ተብሎ የተጀመረ ነገር ከትምህርት ማስቀረት እንዳይሆን እንጠንቀቅ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ላቫጆው የተከፈተው ለልጆቹ ደብተር ነው፤ ደብተሩን አስጥሎ ጨርቅ የሚያስይዛቸው ከሆነ ዓላማው ተበላሸ።

እስቲ ወደዚያች እናት እንመለስ። መንገዱ ዛሬም ተዘግቷል እንበል፤ ከአዲስ አበባም ከባሕር ዳርም የመጣ መኪና የለም። የከተማው ባጃጆች ግን መሥራት በሚችሉበት ቀን እንደ ልማዳቸው ማለዳ ይመጣሉ፤ የጤና ጣቢያው መኪናም ቀኑ ደርሷል። ቀኑ እንደ ወትሮው አይሞቅ ይሆናል፤ ኪራዩ ግን ይከፈላል፤ ወጣቶቹም ባዶ እጃቸውን አይገቡም። ይህን ያስገኘላት ዕድል አይደለም። ሮቶዋን በሞላች ቁጥር አብራ የሞላችው ደብተር ነው። እናንተም ሥራውን ከጀመራችሁ ወይም ለመጀመር ካሰባችሁ፣ ከማሽኑ አስቀድማችሁ ደብተሩን ግዙ።