በቅርጽ ዙሪያ መራመድ

ጂኦሜትሪን በእግርም መማር እንደሚቻል ለማሳየት ወደ ላስታ እወስዳችኋለሁ። ነአኩቶ ለአብ የታነጸው በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ ነው። ቀጥ ያሉት ግድግዳዎች ከጎበጠው የዋሻ ጣሪያ ሥር ሲታዩ፣ የዝርግና የጎባጣ ገጽ ልዩነት ያለ ማብራሪያ ይገባል።

በላሊበላ ከተማ ያለው ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ መቁጠርን ይጋብዛል። ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈለ፣ ክንዶቹ እኩል የሆኑ መስቀል ነው። ከላይ ሆነን ቅርጹን በአንድ እይታ እንጨብጠዋለን፤ ወደ ግቢው ስንወርድ ግን የምናየው ከፊሉን ብቻ ነው። ግድግዳውን በቀኛችን አድርገን ብንዞረው 12 ማዕዘኖች እናገኛለን። በክንዶቹ ጫፍ ባሉት 8 ማዕዘኖች ወደ ቀኝ፣ ክንዶቹ በሚገናኙባቸው 4 ማዕዘኖች ወደ ግራ፣ በየጊዜው 90 ዲግሪ እንታጠፋለን። ግራውን ከቀኙ ብንቀንስ 4 እጥፋት፣ ማለትም 360 ዲግሪ ይቀራል።

ይህ የመስቀሉ ብቻ ጠባይ አይደለም። በዝርግ ሜዳ ላይ ራሱን ሳያቋርጥ መነሻው ላይ የሚገጥም መንገድ ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢጠማዘዝ፣ የእጥፋቱ ድምር አንድ ሙሉ ዙር ነው።

ስለዚህ መምህራን የምትሆኑ ሁሉ፣ መሣሪያ የለም ብላችሁ ትምህርቱን አታዘግዩት። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በኖራ መስቀል አሥምሩ፤ ልጆች እየተጫወቱ ይዙሩት፣ እጥፋቱንም ይቁጠሩ። ማረጋገጫውን በሰሌዳ ላይ የምትጽፉት ከዚያ በኋላ ይሁን።