ስለ ሰንጢ ስጦታ

ሰንጢ ማለት ስለቱ ታጥፎ ወደ እጀታው የሚገባ ትንሽ ቢላዋ ነው። ታጥፎ በኪስ ሲቀመጥ ማንንም አይቈርጥም፤ ሲዘረጋ ግን ብርቱካን ይልጣል፥ ገመድ ይቈርጣል፥ እንጨት ይቀርጻል፥ የጆንያ አፍ የተሰፋበትን ክር ይበጥሳል። ዋጋው ብዙ አይደለም፤ በጥንቃቄ ከተያዘ ግን ከጫማም ከልብስም ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው። ስለዚህ በብዙ አገሮች አባት ለልጁ፥ አጎት ለእኅቱ ልጅ፥ ወዳጅም ለወዳጁ ሰንጢ መስጠት የቈየ ልማድ ነው።

ዳሩ ግን ሰንጢ እንደ ሌላው ስጦታ አይደለም። ማር የሰጠ ሰው ማሩ ከተበላ በኋላ የሚያሳስበው ነገር የለም። ሰንጢ የሰጠ ሰው ግን ስለት ያለውን ነገር በሌላ ሰው እጅ አኑሯል፤ ያ ሰው ጣቱን ቢቈርጥ ወይም ባልንጀራውን ቢያቈስል የሰጪው ልብ አብሮ ይቈስላል። እንግዲህ ሰንጢ የሚሰጥ ሰው ብረቱን ብቻ አይሰጥም፤ እምነቱንም ጨምሮ ይሰጣል። ይህን የማያስብ ሰው ባይሰጥ ይሻላል።

በቀድሞ ዘመን ትንሽ ቢላዋ የጸሓፊ ዕቃ ነበረ። የአውሮፓ ጸሓፊዎች በዝይ ላባ ይጽፉ ስለ ነበረ፥ የላባው ጫፍ በደነዘ ቍጥር እንደ ገና መቅረጽ ያስፈልጋቸው ነበር። እንግሊዞች ትንሹን ሰንጢ እስከ ዛሬ ድረስ «የብርዕ ቢላዋ» በሚል ስም የሚጠሩት ስለዚህ ነው። በኢትዮጵያም የብራና መጽሐፍ ጸሓፊ ብርዑን ከመቃ ወይም ከሸምበቆ ቈርጦ በስል ቢላዋ ይቀርጸዋል፤ ቀለሙም እንዲወርድለት ጫፉን በጥቂቱ ይሰነጥቀዋል። በደነዘ ቢላዋ የተቀረጸ ብርዕ ፊደሉን ያበላሻል። ስለዚህ ለተማሪ ጥሩ ቢላዋ መስጠት መጽሐፍ ከመስጠት ብዙ የሚርቅ አልነበረም።

በእንግሊዝ፥ በፈረንሳይ፥ በጀርመንና በሌሎችም የአውሮፓ አገሮች ስለ ቢላዋ ስጦታ አንድ የቈየ አባባል አለ። ይኸውም፥ ለወዳጁ ቢላዋ የሰጠ ሰው ወዳጅነታቸውን ይቈርጠዋል የሚል ነው። በቻይናም ቢላዋ ስጦታ ሆኖ ሲቀርብ የመለያየት ምልክት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። አውሮፓውያን ለዚህ ፍርሃት መድኀኒት አበጁለት። ሰንጢ የተቀበለ ሰው ወዲያው ለሰጪው አንዲት ትንሽ ሳንቲም ይከፍላል። ሳንቲሟ ከተከፈለች ሰንጢው ተሸጠ እንጂ አልተሰጠም ይባላል፤ የተገዛ ዕቃም ወዳጅነትን አይቈርጥም ማለት ነው። አንዳንድ ሰጪ ደግሞ ተቀባዩ ሳንቲም በእጁ ያጣ እንደ ሆነ ብሎ፥ አንዲት ሳንቲም ራሱ ከሰንጢው ጋር አያይዞ ይሰጣል፤ ተቀባዩም ያችኑ ሳንቲም አንሥቶ መልሶ ለሰጪው ይከፍላል። ሻጩ ዕቃውንም ዋጋውንም ይዞ የሚመጣበት ገበያ ከዚህ በቀር ከቶ የት ይገኛል?

በእውነቱ ብረት የሰውን ፍቅር ሊቈርጥ አይችልም፤ ሳንቲምም ፍቅርን አይጠብቅም። ቢሆንም ልማዱ ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ሳንቲሟን ለመቀበል ሰጪውና ተቀባዩ ፊት ለፊት መቆም ያስፈልጋቸዋል፤ ስለዚህ ሰንጢው በዝምታ ከእጅ ወደ እጅ አያልፍም። ተቀባዩም እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ፥ የተቀበለው ነገር መጫወቻ እንዳልሆነ ያስባል። ልጅ እንኳ ቢሆን ከራሱ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም ከከፈለ፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰንጢው የእርሱ ነው፤ በሰንጢው የሚደረገውም ጥፋት የእርሱ ነው።

ወዳጅነትን የሚቈርጠው ሌላ ነው። ሰንጢ ሰጥቶ በየጊዜው «እኔ የሰጠሁህ እኮ ነው» እያለ የሚያስታውስ ሰው ወዳጁን ያስመርረዋል። በስጦታ የተቀበለውን ሰንጢ የሳጥን ክዳን ሲፈለቅቅበት ሰብሮ፥ ስባሪውን ለሰጪው በሣቅ የሚያሳይ ሰውም እንዲሁ ነው። ለዚህ ጥፋት ሳንቲም አልተበጀለትም።

በስጦታ ከሚዞሩት ሰንጢዎች ሁሉ በዓለም እጅግ የታወቀው የስዊስ ሰንጢ ነው። ታሪኩም ዘመድ ለዘመድ ከሚያደርገው ነገር ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ሊነገር ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ካርል ኤልስነር የሚባል ቢላዋ ሠሪ በ1884 ዓ.ም. በስዊስ አገር በሽቪትስ አውራጃ፥ ኢባኽ በምትባል ስፍራ የሥራ ቤት ከፈተ። በዚያ ወራት ለስዊስ ወታደሮች የታዘዘው ሰንጢ ዞሊንገን ከምትባል የጀርመን ከተማ ይመጣ ነበር። ኤልስነር ግን የአገሩ ወታደር በአገሩ ባለ እጆች የተሠራ ሰንጢ ይያዝ ብሎ ሌሎችን ቢላዋ ሠሪዎች አሰባሰበ፤ በ1891 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሰንጢዎች ለሠራዊቱ አስረከበ። ሰንጢው አንድ ስለት፥ አንድ ወስፌ፥ የቆርቆሮ መክፈቻና የጠመንጃ ብሎን መፍቻ ነበረው። የዞሊንገን ፋብሪካዎች ግን በብዛት እየሠሩ በርካሽ ይሸጡ ነበር። ስለዚህ ባልንጀሮቹ ሥራውን ተዉት፤ ኤልስነር ብቻውን ቀረ፤ ገንዘቡም አለቀ። በዚህ ጭንቅ ጊዜ ዘመዶቹ ደረሱለት፥ የሥራ ቤቱም ከመዘጋት ዳነ። እነዚያ ዘመዶች እጃቸውን ቢሰበስቡ ኖሮ፥ ዛሬ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሰንጢ ባልኖረም ነበር።

በ1897 ዓ.ም. ኤልስነር ለመኰንኖች የሚሆን ቀለል ያለ ሰንጢ ሠርቶ በሕግ አስመዘገበ፤ ሁለተኛ ትንሽ ስለትና የቡሽ መንቀያም ጨመረበት። እናቱ ቪክቶሪያ በ1909 ዓ.ም. ባረፈች ጊዜ ስሟን ለሥራው መጠሪያ አደረገው። በ1921 ዓ.ም. ደግሞ የማይዝግ ብረት ወደ ሥራው ስለ ገባ፥ የብረቱ የፈረንሳይኛ ስም ተቀጥሎበት «ቪክቶሪኖክስ» ተባለ። እንግዲህ ይህን ሰንጢ በኪሱ የያዘ ሰው ሁሉ፥ ባያውቀውም፥ የአንዲት እናት ስም ይዞ ይዞራል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፥ ማለት ከ1945 ዓ.ም. ወዲህ፥ በአውሮፓ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ሰንጢውን በብዛት እየገዙ ለቤተ ሰባቸውና ለወዳጆቻቸው ወደ አገራቸው ይዘውት ሄዱ። የጀርመንኛው ስም ለአፋቸው ስለ ከበዳቸው «የስዊስ ሠራዊት ቢላዋ» አሉት፤ በብዙ አገርም የሚታወቀው በዚህ ስም ነው። ከ1963 እስከ 1969 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ሊንደን ጆንሰን የስሙ መነሻ ፊደላት የተቀረጹበትን የስዊስ ሰንጢ ለእንግዶቹ ይሰጥ ነበር።

የፈረንሳይ ገበሬ የሚወደው ሰንጢ ከዚህ ይለያል። በሳቯ ተራሮች ጆዜፍ ኦፒኔል የሚባል፥ አባቱ መጥረቢያና ማጭድ የሚሠራ፥ ወጣት በ1890 ዓ.ም. አንድ ስለት ብቻ ያለው የእንጨት እጀታ ሰንጢ አወጣ። ቈየት ብሎም ከ1 እስከ 12 ቍጥር እየሰጠ በልዩ ልዩ መጠን ሠራው፤ ትንሹ ለሕፃን እጅ የሚበቃ፥ ትልቁ ለእረኛና ለአናጢ የሚሆን ነው። ያ ሰንጢ ውሃ ሲነካው እንጨቱ ያብጥና ስለቱ አልወጣ ይላል። የሳቯ ሰው ግን በዚህ አይጨነቅም፤ የእጀታውን ጭራ በገበታ ላይ መታ ያደርገዋል፥ ስለቱም ብቅ ይላል። ዛሬ ለልጆች የሚሠራው የዚህ ዐይነት ሰንጢ ጫፉ ሹል ሳይሆን ድቡልቡል ነው።

ሰጪ ማወቅ የሚገባው ዋና ነገር ሰንጢ እንዴት እንደሚሠራ ነው። በተራው ሰንጢ ውስጥ፥ በእጀታው ጀርባ በኩል፥ ሞላ የሚሆን ቀጭን ብረት አለ። ይህ ሞላ የስለቱን ሥር እየተጫነ ሲዘረጋ እንደ ተዘረጋ፥ ሲታጠፍ እንደ ታጠፈ ያቈየዋል። ነገር ግን ሞላው ይገፋል እንጂ አይቈልፍም። ስለዚህ ልጅ በሰንጢው ጫፍ እንጨት ሊወጋ ቢሞክር ወይም የስለቱን ጀርባ ቢጫን፥ ሞላው ይሸነፋል፤ ስለቱም ተመልሶ በጣቶቹ ላይ ይታጠፋል። ብዙ ልጅ ቈስሎ የሚያለቅሰው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን አስቀድሞ ያስወገዱ ሰንጢዎች አሉ፤ የኦፒኔል ሰንጢ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ስለቱን የሚቈልፍ የብረት ቀለበት ተደርጎለታል። ቀለበቱን ማዞር የረሳ ልጅ ግን ቀለበት እንደሌለው ያህል ነው።

የደነዘ ሰንጢ ከስል ሰንጢ ይልቅ አደገኛ መሆኑን ብዙዎች አያምኑም። ስል ሰንጢ በቀላሉ ይቈርጣል፥ እጅም በልኩ ይገፋዋል። የደነዘው ግን አልቈርጥ ሲል ሰውየው ኀይሉን ይጨምራል፤ በድንገትም ይሸራተትና እጁን ያገኘዋል። ስለዚህ ሰንጢ የሚሰጥ ሰው የመሳያ ድንጋይም ቢጨምርለት ስጦታው ሙሉ ይሆናል። ሥራው ሲፈጸም ስለቱን ማድረቅና የሚታጠፍበትን ቦታ በአንዲት ጠብታ ዘይት ማርጠብ ብቻ ይበቃል።

በ1907 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የተጀመረው የስካውት ማኅበር ለልጆች የሚያስተምረው አንድ መልካም ሥርዐት አለ። ልጁ ሰንጢውን ሳይዘረጋ፥ እንደ ታጠፈ በእጁ ይዞ ክንዱን ወደ ፊት ይዘረጋል፥ ዙሪያውንም ይዞራል። ክንዱ በሚደርስበት ክበብ ውስጥ አንድ ሰው ከተገኘ ሰንጢው አይከፈትም። ከከፈተውም በኋላ ተቀምጦ ይቀርጻል፤ ስለቱንም ከሰውነቱ ወደ ውጭ ይገፋል እንጂ ወደ ራሱ አይስብም።

ስጦታውን ማቀበልም ሥርዐት አለው። በኢትዮጵያ ልጅ ከታላቁ እጅ ስጦታ ሲቀበል በሁለት እጁ ይቀበላል፥ ዝቅም ብሎ እጅ ይነሣል። ስለቱ የተዘረጋ ሰንጢ እንዲህ ቢቀበሉት መዳፍ ይቈርጣል። ስለዚህ ታላቁ ሰንጢውን አጥፎ ይስጠው፤ የልጁም አክብሮት ሳይጐድል እጁ ይድናል። ሰንጢው ተዘርግቶ ለሥራ ሲቀባበሉት ግን ሰጪው እጀታውን ወደ ተቀባዩ ያዞራል፤ ተቀባዩ በደንብ መያዙን እስኪናገር ድረስም አይለቅም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቍስል ሊመጣ ይችላል። የቈሰለ ልጅ ቍስሉን ከደበቀ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። በሰንጢ የተቈረጠ ጣት በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ደሙም እስኪቆም በንጹሕ ጨርቅ ይጫኑታል። ቍስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም ሰንጢው አፈርና ፍግ የነካው ከሆነ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል፤ መንጋጋ ቈልፍ የሚባለው ብርቱ በሽታ በእንዲህ ያለ ቍስል ይገባልና። ለዚህ በሽታ መከላከያ ክትባት አለ። የሚቈጣው ሰው ቢበዛ፥ ልጁ ቍስሉን ይደብቃል፤ ሰንጢ የሰጠ ዘመድ በዚያን ቀን ቍጣውን ቢያቈይ ይሻላል።

ሰንጢ በሁሉ ስፍራ አይያዝም። ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ነገር አይደለም። በ2001 ዓ.ም. አሜሪካ በአውሮፕላኖች ከተመታች በኋላ መንገደኛ ሰንጢ ይዞ በአውሮፕላን እንዳይቀመጥ በብዙ አገር ተከለከለ፤ በዚያ ጊዜ የስዊሱ ፋብሪካ ሽያጭ እጅግ ቀንሶ ነበር። ስለዚህ ከሩቅ አገር ለዘመዱ ሰንጢ የሚያመጣ ሰው ወደ ዕቃ ክፍል በሚገባው ሻንጣ ውስጥ ያኖረዋል፤ በኪሱ ከረሳው ግን ስጦታው በፍተሻ ላይ ይቀራል።

ብዙ ዘመን የተሳለ ሰንጢ ስለቱ እየጠበበ ይሄዳል። ከአዲሱ ሰንጢ ጋር ቢያስተያዩት የተሳለበት ዘመን ሁሉ በስለቱ ላይ ይታያል። አንዳንድ ሽማግሌ እንዲህ ያሉ ሰንጢዎቹን ለውርስ አያቈይም፤ በሕይወቱ ሳለ፥ ይህ ለታላቁ ልጅ፥ ይህ ለጎረቤቴ፥ ይህ ለልጅ ልጄ እያለ ያድላቸዋል። ማን እንደ ሰጠው፥ እጀታው መቼ እንደ ተሰነጠቀ፥ የትኛውን ሥራ እንደ ሠራበት አብሮ ይነግራቸዋል፤ ከሞተ በኋላ ይህን የሚነግር የለምና። በኪሱ ያለውን፥ ዕለት ዕለት የሚይዘውን፥ በመጨረሻ ይሰጣል። የልጅ ልጁም ሳንቲሟን ይከፍላል፤ ሽማግሌውም ተቀብሎ ሰንጢው በነበረበት ኪስ ያኖራታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርቱካን መላጥ ሲሻ የልጅ ልጁን ይጠራል።