ቱርቦ ያላት መኪና ይዛችኋል? ጣሳዋን ስትመርጡ እንዳትሸወዱ!

ዛሬ ስለ ፍቅር አናወራም፡፡ (ቅር ያላችሁ ካላችሁ ለሳምንት ይቆያችሁ!) ዛሬ ከኮፈን ሥር ገብተን እንወጣለን፡፡ ምን ላድርግ? ሰሞኑን በሄድኩበት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይከተለኛል፡፡ ካፌ ቁጭ ስል «አንተ፣ ካች ካን ላስገጥም ወይስ ይቅርብኝ?» ይሉኛል፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር አንዱ ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ «እስቲ ያቺን የዘይት ጣሳ የትኛዋን ልግዛ?» ብሎኛል፡፡ ጥያቄው የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ ሞተር ያለው ሰው ሞተሩን እንደ ዓይኑ ብሌን መጠበቅ ይዟል፡፡

ለመሆኑ ጣሳዋ ምንድነች? ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ነዳጁ ሲቃጠል የሚፈጠረው ግፊት ፒስተኑን ወደ ታች ይነዳዋል፡፡ ፒስተኑ ላይ የተጠመጠሙት ፋሻዎች ግፊቱን ያግዱታል፤ ግን ሙሉ ለሙሉ አይደለም፡፡ አዲስ ሞተር እንኳ ትንሽ ትንሽ ያሾልካል፡፡ የሾለከው ጋዝ ወደ ኮፓው ይወርድና ከሚረጨው ዘይት ጋር ተደባልቆ የዘይት ጉም ይሆናል፡፡ እኔ «የሞተር ትንፋሽ» እለዋለሁ፡፡ ይህ ትንፋሽ መውጫ ካጣ ኦይል ሲሉን ይገፋል፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ያስፈነጥራል፣ በቃ ሞተሩን በዘይት ያጥበዋል፡፡ በድሮ መኪኖች በአንድ ቱቦ ወደ መሬት ይለቀቅ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ግን ካሊፎርኒያ በአየር ብክለት ስትጨነቅ፣ ትንፋሹ ወደ ሞተሩ ተመልሶ እንዲቃጠል የሚያደርገው ዘዴ መጣ፡፡ ፒሲቪ ቫልቭ የምትባለዋ ትንሽ ዕቃ የዚህ ዘዴ ልጅ ናት፡፡

ለአካባቢው ጥሩ ሆነ፤ ለሞተሩ ግን የራሱን ቆሻሻ መልሶ መብላት ማለት ነው፡፡ ቱርቦ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል፡፡ ቱርቦ አየሩን ጠቅጥቆ ስለሚያስገባ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ሾልኮ የሚወርደውም አብሮ ይጨምራል፡፡ ዘይቱ ከአየሩ ጋር በቱርቦው በኩል ያልፍና ኢንተርኩለሩ ሆድ ውስጥ ይተኛል፡፡ በናፍጣ መኪና ላይ ከጭስ መመለሻው (ኢጂአር የሚሉት) ከሚመጣው ጥላሸት ጋር ተለውሶ የአየር መግቢያውን እንደ ሬንጅ ይለስነዋል፡፡ በቤንዚን መኪና ላይ፣ በተለይ ነዳጁን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጩት ላይ፣ ቫልቩ ጀርባ ላይ ከሰል ሆኖ ይጋገራል፤ እዚያ ቦታ የሚያጥበው ቤንዚን የለማ!

የጣሳዋ ሥራ እንግዲህ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ መያዝ ነው፡፡ ትንፋሹ ይገባል፣ ዘይቱና ውሃው ታች ይቀራሉ፣ አየሩ ብቻ ያልፋል፡፡

አሁን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፡፡ የአክስቴ ልጅና እጮኛዋ ዕቁባቸው ሲወጣ፣ ለሠርግ ካጠራቀሙት ጋር ደምረው ባለ 2.5 ሊትር ዲ ፎር ዲ ፒክ አፕ ሊገዙ ተነሡ፡፡ አከራይተው በገቢው ቤት ሊያቋቁሙ ነው፡፡ ደላላው ኮፈኑን ከፍቶ ገና ከሩቅ የምታንጸባርቅ ሰማያዊ የአሉሚኒየም ጣሳ አሳያቸው፡፡ «ይቺን ታያላችሁ? ባለቤቱ ሞተሩን እንደ ልጁ ነው የያዘው!» አለ፡፡ እጮኝየው በጣሳዋ ተማረከ፡፡ እሷ ግን የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ያልገባትን ነገር አትፈርምም፡፡ ደወለችልኝ፡፡ እኔም በሙያው ያረጁ አንድ መካኒክ ይዤ ሄድኩ፡፡

ሰውየው ጣሳዋን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጓትና ክዳኗን ፈቱ፡፡ ውስጧ ባዶ! ማገጃ ብረት የለ፣ መረብ የለ፣ የዘይት ጠብታ እንኳ የለ፤ በጨርቅ ተወልውላለች፡፡ ቀጥለው መውጫ ቱቦዋን በእጃቸው እየዳሰሱ ተከተሉት፡፡ ቱቦው ወደ አየር መግቢያው ይመለሳል ስንል… ቁልቁል ወርዶ ከመኪናው ሆድ ሥር ተንጠልጥሏል! ወደ አየር መግቢያው የሚሄደው የድሮው ቀዳዳ ደግሞ በጎማ ተወትፏል፡፡

«ገባሽ ልጄ?» አሏት ወደ እሷ ዞረው፡፡
«አልገባኝም ጋሼ፡፡»
«ትንፋሹ ወደ ሞተሩ ቢመለስ ኖሮ ጭሱ ሰማያዊ ሆኖ ከኋላ ያጋልጠው ነበር፡፡ መሬት ላይ ሲለቁት ማን ያያል?»

ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑን ፈትተው ሳያነሡ እዚያው ቀዳዳው ላይ አስቀመጡት፡፡ ናፍጣ ሞተር ሲሆን ክዳኑ ትንሽ መንቀጥቀጡ ያለ ነው፡፡ ይኼኛው ግን ዘለለ፤ በቀዳዳው በኩልም ጭስ ፑፍ ፑፍ እያለ እንደ ድሮ ባቡር ወጣ፡፡ ኮምፕሬሽን ሲለካ አንደኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ በጣም ወርዶ ተገኘ፡፡ ደላላው «ዘይት ሲቀየር ይስተካከላል» አለ፡፡ መካኒኩ የመለሱለትን እዚህ አልጽፈውም፡፡ «ጣሳ ለታመመ ሞተር መድኃኒት አይደለችም» ያሉትን ግን ልብ በሉልኝ፡፡ እጮኝየው ሁለት ቀን ኩርፊያ ቢያበዛም የሠርጉ ገንዘብ ተረፈ፡፡

ስለዚህ ጣሳ ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩ ጤነኛ መሆኑን አረጋግጡ፡፡ ፋሻው ያለቀ፣ ወይም የቱርቦው ማገጃ የተበላ ከሆነ ጣሳዋ በየሳምንቱ ትሞላለች እንጂ በሽታው አይድንም፡፡ ሌላም አለ፤ ብዙ አዳዲስ ሞተሮች የራሳቸው የዘይት መለያ የቫልቭ ሽፋኑ ውስጥ አላቸው፡፡ እዚያ ውስጥ ያለችው ስስ የጎማ ሽፋን ስትቀደድ ሞተሩ ያፏጫል፣ ዘይትም ይበላል፡፡ እሷን መቀየር ይቀድማል፡፡

«እሺ፣ ሞተሬ ጤነኛ ነው፤ የትኛዋን ልግዛ?» ለምትሉኝ ወደ ገበያው እንሂድ፡፡ ሶማሌ ተራ ብትዞሩ በየመደርደሪያው በቀይና በሰማያዊ ቀለም ያሸበረቁ ጣሳዎች ታያላችሁ፡፡ ቀለሟን ተዉት! ክዳኗን አስከፍቱና ውስጧን እዩ፡፡ የሚከፈት ክዳን ከሌላት ጥላችሁ ሂዱ፡፡ ውስጧ ትንፋሹን አቅጣጫ የሚያስቀይር ማገጃ፣ ከዚያም የማይዝግ ብረት መረብ ወይም ሌላ ማጣሪያ ሊኖራት ይገባል፡፡ የዘይቱ ጠብታ ከጋዙ ስለሚከብድ ጋዙ ሲታጠፍ እሱ መታጠፍ ያቅተውና ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ደቃቆቹን ደግሞ መረቡ ይሰበስባቸዋል፡፡ ባዶ ጣሳ ከሆነች ጉሙ በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል፡፡ ይቺ የሻይ ቆርቆሮ ናት፤ ዋጋዋም የሻይ ቆርቆሮ ዋጋ መሆን ነበረበት፡፡

ሁለተኛው የአፏ ስፋት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፡፡ የመኪናችሁ የፋብሪካ ቱቦ ውስጡ 19 ሚሊ ሜትር ሆኖ ጣሳዋ ባለ 10 ሚሊ ሜትር አፍ ከሆነች፣ የማሳለፊያው ስፋት ከአንድ ሦስተኛ በታች ወረደ ማለት ነው፡፡ ትንፋሹ ይታፈናል፡፡ ሲታፈን ኮፓው ውስጥ ግፊት ይጠራቀማል፤ ከቱርቦው በራሱ ክብደት ወደ ኮፓ የሚወርደው ዘይት መውረድ ያቅተውና በማገጃው በኩል ይተፋል፡፡ ከዚያ «ቱርቦው ሞተ!» ተብሎ ቱርቦ ይቀየራል፡፡ ጥፋተኛዋ ግን ጠባቧ ጣሳ ነበረች! ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ ቢስቅባችሁ ይሳቅ፡፡

ለናፍጣ የምትገዙ ከሆነ ከጌጠኛዎቹ ይልቅ ማጣሪያዋ የሚቀየር፣ ማጣሪያው ሲደፈን ደግሞ ግፊቱን በራሷ የምታስተነፍስ መክፈቻ ያላትን ምረጡ፡፡ የጀርመኑ ማን ኤንድ ሁመል የሚሠራት ፕሮቬንት 200 የዚህ ዓይነት ናት፡፡ ጥቁር ፕላስቲክ ነች፤ መልክ የላትም፡፡ ግን ምሽት ላይ ለማሳየት አይደለ የምትገዙት!

የቤንዚን ቱርቦ ነገሩ ትንሽ ይጠማዘዛል፤ ጠጋ በሉ፡፡ ትንፋሹ ሁለት በር አለው፡፡ ቀስ ብላችሁ ስትነዱ፣ መብራት ላይ ስትቆሙ፣ ሞተሩ ራሱ በፒሲቪ ቫልቭ በኩል ይስበዋል፡፡ ቱርቦው ሲነሣ ግን እዚያ ጋ መሳብ ቀርቶ መግፋት ይሆናል፤ ቫልቩ ይዘጋና ትንፋሹ በሌላው በር፣ ከቱርቦው በፊት ባለው ቱቦ በኩል ይሄዳል፡፡ ታዲያ ጣሳዋ የትኛው በር ላይ ትቁም? በእኔ ግምት እንደ አነዳዳችሁ ነው፡፡ ከመገናኛ ቦሌ በትራፊክ ስትንፏቀቁ የምትውሉ ከሆነ የፒሲቪው በር ይበልጣል፡፡ ዓርብ ዓርብ በፍጥነት መንገዱ አዳማ የምትወርዱ፣ እግራችሁ ከበድ የሚል ከሆነ የቱርቦው በር አይቀርም፡፡ አቅም ያለው ሁለት ጣሳ፣ ወይም ሁለት መግቢያና የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ያላትን አንዷን ይግጠም፡፡ ያለዚያ ቫልቭ ግን ሁለቱን በሮች ባንድ ጣሳ እንዳታገናኙ! የቱርቦው ግፊት በጣሳዋ ዞሮ ኮፓው ውስጥ ይገባል፡፡

ነዳጁን ከቫልቩ ጀርባ የሚረጭ የቆየ ቤንዚን ቱርቦ ያላችሁ ደግሞ ብዙም አትጨነቁ፡፡ ቤንዚኑ ራሱ ቫልቩን እያጠበ ይገባል፡፡ ገንዘቡን ለጥሩ ዘይት አውሉት፡፡

«ትንፋሹን ወደ ውጭ ብለቀውስ? እሽቅድምድም ላይ እንዲያ አይደል?» ያለኝ አንድ ጎረምሳ አለ፡፡ እሽቅድምድም ላይ እኮ ትንፋሻቸው ለውጭ ክፍት ለሆኑ መኪኖች የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ የፊአ፣ ደንብ እስከ 2,000 ሲሲ ድረስ ቢያንስ 2 ሊትር፣ ከዚያ በላይ 3 ሊትር የምትይዝ ጣሳ የሚያስገድደው ዘይት ጎዳናው ላይ ፈሶ ከኋላ ያለው እንዳይንሸራተት ነው፡፡ እናንተ ፍቅረኛችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ግን ሽታው በአየር ማስገቢያው ገብቶ ሽቶዋን ያጠፋዋል፡፡ (በኋላ እኔን እንዳትወቅሱኝ!) ደግሞም በቤንዚን መኪና ላይ የገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር ያላወቀው አየር ይገባና የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል፡፡ ወደ አየር መግቢያው የምትመለሰው ዝግ ጣሳ ትሻላለች፡፡

ሲገጠም ከአጠገቡ አትራቁ፡፡ ጣሳዋ ከቱርቦውና ከጭስ ማውጫው ርቃ፣ ነፋስ የሚያገኛት ቦታ ላይ ትቁም፤ ስትቀዘቅዝ ነው ዘይቱን የምትይዘው፡፡ ቱቦው መሀል ላይ ረግቦ እንደ ሆድ መውረድ የለበትም፤ ፈሳሽ ይተኛበትና ይደፍነዋል፡፡ የራዲያተር ውሃ ቱቦ ሊያስገቡላችሁ የሚሞክሩ አሉ፡፡ እምቢ በሉ! ያ ጎማ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ተጣጥፎ መንገዱን ይዘጋል፡፡ ለዘይት የተሠራ ቱቦ ነው የሚያስፈልገው፡፡ ማጥበቂያ ፋሸታውንም በእጃችሁ ነካክታችሁ እዩ፡፡ ከቱርቦው በፊት ያለ መጋጠሚያ ከላላ በአየር ፊልትሮ ያላለፈ አቧራ ይስባል፤ የመንገዳችንን አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ የቱርቦውን ክንፍ እንደ ሞረድ ነው የሚበላው፡፡

የመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ክፈቷት፡፡ ከዚያ በኋላ ጊዜውን ራሷ ትነግራችኋለች፡፡ አዲስ አበባ ላይ፣ በተለይ በክረምትና በኅዳር ብርድ፣ ውስጧ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ብታገኙ አትደንግጡ፡፡ ሞተሩ ሳይሞቅ አጭር መንገድ እየተነዳ የተጠራቀመ ውሃ ከዘይት ጋር ተመትቶ ነው፡፡ የሚያስደነግጠው ያው ነጭ ነገር በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ወፍሮ ከታየና የራዲያተሩ ውሃም እየጎደለ ከሄደ ነው፤ ያኔ ጉዳዩ የጓርኒሲዮን ነውና ቀጥታ ጋራዥ፡፡

አንዳንዱ ቆጣቢ ደግሞ ከጣሳዋ የወጣውን «ዘይት አይደል?» ብሎ መልሶ ሞተሩ ውስጥ ይጨምረዋል፡፡ ኧረ በፈጠራችሁ! ውሃ፣ ነዳጅና አሲድ ያለበት ዝቃጭ ነው፡፡ ቦይ ውስጥም አትድፉት፡፡ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛችሁ ዘይት የምትቀይሩበት ቦታ ከአሮጌው ዘይት ጋር አስረክቡት፤ ጠርሙሱ ላይም ምን እንደሆነ ጻፉበት፣ ቤት ውስጥ ልጅ ካለ በተለይ፡፡