የአፈር ጤንነት፦ ከእርሻ ጉብኝታችን የተማርነው

ውድ ወላጆቻችንና የተከበራችሁ የአገር ሽማግሌዎች፣

እኛ በነታንያ የምንማር የቅርስ ክፍል ተማሪዎች ከትምህርት ቤታችን የአትክልት ክበብ ጋር በሞዲዒን አካባቢ ወደሚገኘው «ሐቫ ቬአዳም» ወደተባለው እርሻ ሄደን ነበር። «ሐቫ» በዕብራይስጥ እርሻ ማለት ነው፤ የእናታችን የሔዋንም ስም ነው። «አዳም» ደግሞ «አዳማ»፣ ማለትም አፈር፣ ከሚለው ቃል ጋር ይዛመዳል። በዚህ ጽሑፍ ስለ አሠራሩ የተማርነውንና ከእናንተ እርሻ ጋር የሚያገናኘውን እናስረዳለን።

እንዲህ ያለው አሠራር መሬትን የሚያድስ እርሻ ይባላል። ዓላማው ምርት መሰብሰብ ብቻ ሳይሆን አፈሩ ከዓመት ወደ ዓመት እየተሻለ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ዋና ዋና መንገዶቹ አራት ናቸው።

አንደኛ፣ መሬቱን በተቻለ መጠን አለመገልበጥ ነው። በአፈር ውስጥ ትሎችና በዓይን የማይታዩ ብዙ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ይኖራሉ። ማረሻ ሲገለብጠው መኖሪያቸው ይፈርሳል፤ አፈሩን የሚያዳብረው ብስባሽም ቶሎ ያልቃል።

ሁለተኛ፣ መሬቱን ራቁቱን አለመተው ነው። ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል የለበሰ አፈር በበጋ ውኃው ቶሎ አይተንበትም፤ በክረምትም ጎርፍ አይጠርገውም።

ሦስተኛ፣ ዘር ማፈራረቅ ነው። ከአየሩ 78 ከመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ነገር ግን ተክሎች በቀጥታ ሊወስዱት አይችሉም። በባቄላ፣ በሽምብራና በምስር ሥር ላይ በሚገኙት ትንንሽ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግን ከአየር ወስደው ለተክሉ ምግብ ያደርጉታል።

አራተኛ፣ ኮምፖስት ነው። የወጥ ቤት ልጣጭና እርጥብ ሣር ከደረቅ ቅጠል ጋር በየተራ ይከመራል። እርጥበቱ እንደተጨመቀ ጨርቅ መሆን አለበት። በደንብ የተሠራ ክምር ውስጡ ከ50 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ ብዙውን የአረም ዘር ይገድላል።

ከዚህ ውስጥ ብዙው ለእናንተ አዲስ አይደለም። በጎንደር ገጠር እህሉን ከባቄላና ከሽምብራ ጋር የሚያፈራርቅ፣ የደከመ መሬትንም የሚያሳርፍ ገበሬ ይህን ሳይንስ በሥራ ያውቀው ነበር። በደቡብ ኢትዮጵያም የኮንሶ ሕዝብ የድንጋይ እርከን እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ሆኖም የድሮው ሁሉ መሬትን ያድስ ነበር ማለት አይደለም። የጤፍ ዘር ደቃቅ ስለሆነ መሬቱ ደጋግሞ ይታረሳል፤ ተዳፋት ላይ ሲሆን ጎርፍ አፈሩን ይወስደዋል። ሀንስ ሁርኒ የተባሉ የስዊዘርላንድ ተመራማሪ በ1980ዎቹ ባወጡት ግምት በኢትዮጵያ ደጋ ከአንድ ሄክታር የእህል ማሳ በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠብ ነበር። እንጨት በጠፋበት አካባቢ ደግሞ ለማሳ የሚሆነው እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል።

ይህ የዕውቀት ማነስ አይደለም። ወገኖቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት ርስት ተነፍገው አብዛኞቹ የሰው መሬት ያርሱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የገጠር መሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ነገ ሊነጠቅ የሚችል መሬት ነበር የያዙት። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ እርከን መሥራት ከባድ ነው።

መሬት ሊያገግም እንደሚችልም ተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1996 በዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና በባለቤታቸው በሱ ኤድዋርድስ አስተባባሪነት በትግራይ የተጀመረው ሥራ ኮምፖስት የተጠቀሙ ገበሬዎች ጥሩ ምርት እንዳገኙ አሳይቷል። ኦሪታችንም ስድስት ዓመት ዝራ፣ በሰባተኛው ምድሪቱን አሳርፍ ይላል። እዚህ አገር ይህ ሽሚታ ይባላል፤ የመጨረሻው የጀመረው በመስከረም 2021 ነበር።

የነታንያ አፈር በብዙ ቦታ «ሐምራ» የሚባለው ቀይ አሸዋማ አፈር ነው። ውኃ ቶሎ ያሳልፋል፤ ብስባሹም ጥቂት ነው። ስለዚህ የክበባችን መደብ ኮምፖስትና ልባስ ያስፈልገዋል።

ከሁሉም በላይ ግን እናንተ ታስፈልጉናላችሁ። እርሻ በዩኒቨርሲቲ ሲጠና ሳይንስ ይባላል፤ የእናንተ ዕውቀት ግን ያልተማረ ሰው ሥራ ተብሎ ሲቆጠር እንሰማለን። ከየትኛው እህል በኋላ ምን ይዘራ ነበር? መሬት መድከሙ በምን ይታወቅ ነበር? ዋልካውና ቀዩ አፈር እንዴት ይለያዩ ነበር? ቃላቱን በአማርኛ ንገሩን፤ እኛ በሁለቱም ቋንቋ እንጽፋቸዋለን። እናንተ ካልነገራችሁን ከማንም አናገኘውም።