ለቤት ውስጥ ጥገና የትኛው የሞተር ሳይክል ማቆሚያ ይሻላል?

የጎን ማቆሚያ ለማሳረፍ እንጂ ለጥገና አይመችም። ሞተር ሳይክሉ ስለሚያጋድል የዘይቱ ልክ በትክክል አይታይም፤ የኋላ ጎማው መሬት ስለሚነካም ካቴናውን እያዞሩ ዘይት መቀባት ያስቸግራል።

ስለዚህ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ጎንበስ ብለው ከሥር ይመልከቱ። ባለሁለት እግር የመሀል ማቆሚያ ካለው ለእነዚህ ሥራዎች ይበቃል፤ ገንዘብዎን ይቆጥቡ። ከሌለው የኋላ ጎማውን ግራና ቀኝ የያዙትን ብረቶች ከሥር ደግፎ የሚያነሳ ማቆሚያ ይግዙ። እግሩ ሰፊ፣ የመሸከም አቅሙም ከሞተር ሳይክልዎ ክብደት የሚበልጥ ይሁን።

ብዙዎቹ ሞተር ሳይክሎች ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናሉና ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ያቁሙ። ሞተሩን አጥፍተው ጎማውን በእጅ ያዙሩ፤ ካቴና ጣት ይቆርጣል። ሥራው እስኪያልቅም ልጆች አጠገቡ አይድረሱ።