ወዳጅም አለቃም፦ የአሰልጣኝ ሥልጣን ከየት ይመጣል?

ከመካነ ኢየሱስ እስከ ነፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያ እስከ ወገዳ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከሰዓት በኋላ ሜዳ የሚወጣው አሰልጣኝ አብዛኛውን ጊዜ ከተጫዋቾቹ በዕድሜ እምብዛም አይርቅም። ወይ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነው፤ ወይ ትናንት አብሯቸው የተጫወተ የሰፈር ልጅ። ለሥራው ደመወዝ የለውም፤ የሹመት ደብዳቤም አልተጻፈለትም፤ ኳስ ሲቀደድ ከኪሱ ያሰፋል። ልጆቹን ሜዳ ላይ የሚያቆይለት በመካከላቸው ያለው መዋደድ ብቻ ነው። ታዲያ የቡድኑ ምርጥ አጥቂ ሳምንቱን ሙሉ ከልምምድ ቀርቶ በጨዋታው ቀን ብቅ ሲል ምን ያድርግ? ቢያስቀምጠው ጓደኛውን ያጣል፤ ምናልባት ጨዋታውንም። ቢያሰልፈው ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ አቧራ ሲቅም የሰነበተውን ልጅ ያጣል። የወረዳ ሜዳ ጥያቄ ስለሆነ ትንሽ ይመስላል እንጂ፣ በብሔራዊ ቡድናችን ዙሪያ ከስልሳ ዓመት በላይ ሲነሳ የኖረው ጥያቄ ይኸው ነው። አሰልጣኝ ለተጫዋቾቹ ወዳጅ መሆን ይችላል? ወዳጅ ከሆነስ እንዴት ያዛቸዋል?

እግር ኳስ ወዳዱ ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዝግጁ መልሶች አሉት። አንዱ ወገን አሰልጣኝ መፈራት አለበት ይላል፤ ዲሲፕሊን የጠፋው አሰልጣኞች ከተጫዋቾች ጋር አብረው መሳቅ ስለጀመሩ ነው ብሎ ያምናል። ሌላው ወገን አሰልጣኝ አባት መሆን አለበት ይላል፤ ከገጠር ወይም ከትንሽ ከተማ ወጥቶ ካምፕ የገባን ልጅ ጩኸት ይሰብረዋል እንጂ አያቀናውም ባይ ነው። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ አሰልጣኙ ጠባይ ነው። እኔ ግን ጠባይ በዚህ ጉዳይ ሁለተኛ ነገር ነው እላለሁ። ቀዳሚው የሥልጣኑ ምንጭ ነው። ወንበሩ የጸና አሰልጣኝ ተጫዋቾቹን ሲቀርብ ቅርበቱ ጉልበት ይሆነዋል፤ ሲቆጣም ይሰማል። ወንበሩ የሚነቃነቅ አሰልጣኝ ግን ቢቀርባቸው የለመናቸው ይመስላል፤ ቢቆጣም ተጫዋቹ ከእሱ በላይ ላለው ሰው አቤት ይላል። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ ይህን ደጋግሞ አሳይቷል።

ከድሉ እንጀምር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የያኔዋን የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብፅን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ወሰደች። ቡድኑ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለቴም አቻ ሆኗል፤ የመጨረሻዋን ግብ ያስቆጠረው መንግሥቱ ወርቁ ነበር። ያን ቡድን ያሰለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በቅዱስ ጊዮርጊስ ማሊያ ለረጅም ዓመታት የተጫወቱ፣ ለብሔራዊ ቡድኑም የተሰለፉ ሰው ናቸው። መልበሻ ክፍሉን ከውስጥ ያውቁታል፤ ለወጣቶቹ ተጫዋቾች እንደ ታላቅ ወንድም ነበሩ። በሌላ በኩል ደግሞ የአገሪቱን እግር ኳስ በተቋም ደረጃ ካቆሙት፣ በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረትም ከነበሩት ሰዎች አንዱ ናቸው። በኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ሕይወታቸው እስካለፈበት 1979 ዓ.ም. ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ተጫዋቹን ትከሻው ላይ ቢያቅፈው ሥልጣኑ አይቀንስም፤ ተጫዋቹ እሳቸውን አልፎ የሚከስበት ሌላ በር አልነበረውምና። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበረች። በዚህ ምክንያት አምበልነቱ ለሌላ ይሰጥ የሚል ግፊት መጥቶ እንደነበርና ይድነቃቸው እንዳልተቀበሉት ይነገራል። ያም ሆነ ይህ ሉቺያኖ አምበል ሆኖ ገባ፤ ዋንጫውንም ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። አሰልጣኝ ለተጫዋቹ ሊያሳየው ከሚችለው ወዳጅነት ትልቁ ከላይ ለሚመጣ ግፊት አሳልፎ አለመስጠት ነው። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን እምቢ ለማለት የሚያስችል ሥልጣን ያለው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። አሰልጣኙም፣ የአስተዳደሩ ሰውም፣ ሕግ አውጪውም አንድ ሰው መሆኑ ዛሬ ሊደገም አይገባም የሚል ተቃውሞ። ትክክል ነው፤ አይገባምም። ከ1954ቱ ቡድን የሚወሰደው ትምህርት ግን ሥልጣን በአንድ እጅ ይከማች የሚል አይደለም። ማን ምን እንደሚወስን በግልጽ ይታወቅ የሚል ነው። በአንድ ታላቅ ሰው ስብዕና የቆመውን ግልጽነት ዛሬ በወረቀትና በአሠራር ማቆም ይቻላል። የደረሰብን ጉዳት ስብዕናው ሲያልፍ ወረቀቱ አለመተካቱ ነው።

ይህ ጉድለት በአደባባይ የተገለጠው በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ዘመን ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ካርቱም ላይ 5 ለ 3 የረታቸውን ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸነፉ፤ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ ባስቆጠሯቸው ግቦች ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሱ። ያን ቀን ስታዲየሙ ውስጥ የነበረውን ደስታ ያየ ሰው አይረሳውም። አሰልጣኙና ተጫዋቾቹ የአንድ ቤት ሰዎች ይመስሉ ነበር። ያ ቅርበት ውድድሩ እስከተካሄደበት ደቡብ አፍሪካ ድረስ አብሯቸው ሄደ። የ1954ቱ ድል በተገኘበት ዕለት፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ጋር ሲጋጠሙ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ሳላዲን የመታው ፍጹም ቅጣት ምትም ከሸፈ። አሥር ሰው ሆነው፣ አንድ ለዜሮ እየተመሩ፣ በአዳነ ግርማ ግብ አቻ ወጡ። በጎደለ ሰው እንዲህ የሚሮጥ ቡድን አሰልጣኙን የሚወድ ቡድን ነው። ሆኖም መዋደድ የቡድን ጥራትን ክፍተት አይሞላም። ቀጥሎ በቡርኪናፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈው ተመለሱ።

ከዚያ የመጣው ለዚህ ክርክር ከሁሉም በላይ ያስፈልጋል። በ2014 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ሲያሸንፉ ምንያህል ተሾመ ተሰልፎ ነበር። ሁለት ቢጫ ካርድ ስለነበረበት ግን መሰለፍ አይገባውም ነበር። ሰኔ 9 ቀን እሑድ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረትተው አገር በደስታ ሰክሮ ሳለ ፊፋ ጉዳዩን እየመረመረ መሆኑ ተሰማ። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ፤ ሦስት ነጥብ ተቀነሰ። በዚያ ሰሞን ሕዝቡ የጠየቀው ማን ነው ያጠፋው ብሎ ነበር፤ ተጫዋቹ? አሰልጣኙ? ቡድን መሪው? ጽሕፈት ቤቱ? ጥያቄው አራት አቅጣጫ መበተኑ ራሱ መልስ ነው። ካርድ የመቁጠር ኃላፊነት የማን እንደሆነ በማያሻማ መንገድ የተጻፈበት ቡድን ውስጥ እንዲህ ያለ ክርክር አይነሳም። ፍቅር መዝገብ አይይዝም። ተጫዋቹ አሰልጣኙን ያምናል፤ አሰልጣኙ ቡድን መሪውን፤ ቡድን መሪው ጽሕፈት ቤቱን፤ ሁሉም ሲተማመኑ መዝገቡን የገለጠ ሰው ጠፋ። ቡድኑ ማዕከላዊ አፍሪካን ብራዛቪል ላይ አሸንፎ ምድቡን በአንደኛነት ስላጠናቀቀ ጥፋቱ ተሸፈነ። ነገር ግን በመጨረሻው የማጣሪያ ዙር ደርሶ መልስ ናይጄሪያ 2 ለ 1 እና 2 ለ 0 አሸንፋ የብራዚልን መንገድ ዘጋች፤ ቡድኑ በአገር ውስጥ ሊግ ተጫዋቾች የአፍሪካ ዋንጫ (ቻን) ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፈ፤ አሰልጣኝ ሰውነትም ተሰናበቱ።

ስንብቱ የእሳቸው ብቻ አልነበረም። ከ2002 ዓ.ም. ክረምት እስከ 2012 ዓ.ም. ክረምት ኢፊ ኦኑራ፣ ቶም ሴንትፊት፣ ሰውነት ቢሻው፣ ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድህን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለና አብርሃም መብራቱ ተፈራርቀዋል። በአሥር ዓመት ስምንት አሰልጣኝ ማለት ነው። ነገሩን ከተጫዋቹ ወገን ሆነን እንየው። በዚያ ዘመን በሃያ ዓመቱ ለብሔራዊ ቡድን የተጠራ ልጅ ሠላሳ እስኪሞላው ስምንት አለቃ ያያል። የአሁኑ አለቃ ቢያስቀምጠው ቀጣዩ ያሰልፈዋል፤ የሚያስፈልገው መታገሥ ብቻ ነው። አሰልጣኙም ይህን ስለሚያውቅ ከባዱን ውሳኔ ለነገ ያሳድራል። በክለቦች ደግሞ ይብሳል። አብዛኞቹ ክለቦቻችን በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት የሚተዳደሩ በመሆናቸው ቦርዱ ውስጥ የሚቀመጠው ሹም ከሜዳው ውጤት ይልቅ የደጋፊው ጩኸት ቶሎ ይደርሰዋል። አሰልጣኙ ለምን ሄደ ተብሎ ሲጠየቅ ኃላፊው የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በስምምነት ተለያይተናል። ምን ላይ እንደተስማሙ፣ ማን ማንን እንደከሰሰ፣ ተጫዋቾች በመሐል ምን እንዳሉ አይነገርም። ይህ ዝምታ ለቀጣዩ አሰልጣኝ የሚያስተላልፈው መልእክት ግልጽ ነው፤ ከተጫዋቾቹ ጋር አትጣላ፣ ቀድመህ የምትሄደው አንተ ነህና።

አሰልጣኝ መፈራት አለበት የሚለው ወገን ፈርጉሰንን ይጠቅስ ይሆናል። የማንችስተር ዩናይትዱ ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ቤካምን በ2003፣ ሮይ ኪንን በ2005 እ.ኤ.አ. ሲሸኙ አልተንበረከኩም። እውነት ነው። ግን እኚሁ ሰው በ1995 እ.ኤ.አ. ኤሪክ ካንቶና ተመልካች መትቶ ለወራት ሲታገድና እንግሊዝን ጥሎ ሊሄድ ሲነሳ ፓሪስ ድረስ ሄደው እንደ ልጃቸው አባብለው መልሰውታል። አንዱን ማባበል፣ ሌላውን ማሰናበት የቻሉት ጠባያቸው ስለሚለዋወጥ አይደለም። ለ26 ዓመት በቆዩበት ወንበር ላይ ክለቡ ከእሳቸው ይልቅ ተጫዋችን እንደማይሰማ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቅ ስለነበር ነው። ተቃራኒውን ፈረንሳይ በ2010 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ አሳየች። ኒኮላ አኔልካ አሰልጣኙን ሬይሞን ዶሜኔክን በመስደቡ ሲባረር ተጫዋቾቹ ልምምድ አንሠራም ብለው አመፁ። ሰው ሁሉ የተጫዋቾቹን ጥጋብ አወገዘ። ይሁንና ውድድሩ ሳይጀመር ሎረን ብላን ቀጣዩ አሰልጣኝ እንደሚሆን ታውቆ ነበር። ዶሜኔክ ያዝዙ የነበሩት በተሻረ ሹመት ነው፤ የተሻረን ሹም ትእዛዝ ደግሞ ቁጣ አያስፈጽመውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ እውነት አለበትና። ቅርበት ወደ አድልዎ ያመራል፤ አሰልጣኙ የሰፈሩን ልጅ፣ የቀድሞ ክለቡን ተጫዋች፣ እግሩ ሥር የማይጠፋውን ያሰልፋል ይባላል። በየወረዳው የሚያሰለጥኑ ወጣቶች ራሳቸው ከሁሉም በላይ የሚያማርሩት በዚህ ነው። እንደ እነሱ አነጋገር ከተሰለፉት አሥራ አንድ ልጆች ፍቅር ያገኛሉ፤ ከተቀመጡት ቤተሰቦች ግን ሐሜት። ያሰለፉትን ለምን እንዳሰለፉ ቢያስረዱም የሚሰማቸው የለም፤ ዘመድህ ነው ይባላሉ፤ ዘመዳቸውን ሲያስቀምጡ ደግሞ ቤት ውስጥ ኩርፊያ ይጠብቃቸዋል። የአድልዎ መድኃኒት ግን መራራቅ አይደለም። በአንድ ገበያ የሚገበያዩ፣ በአንድ ለቅሶ የሚቀመጡ ሰዎች መራራቅ ቢፈልጉም አይችሉም። መድኃኒቱ የምርጫው መስፈርት ቀድሞ መታወቁ ነው፤ ስንት ልምምድ የቀረ እንደማይሰለፍ፣ ያረፈደ ምን እንደሚጠብቀው ውድድሩ ሳይጀመር ለሁሉም ሲነገር። ያኔ ጓደኛውን የሚያስቀምጠው አሰልጣኙ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ ጓደኛውም የሚቀየመው ሰው ሳይሆን የሚያከብረው ደንብ ያገኛል።

የውጭ አሰልጣኝ ይምጣ፣ ዘመድ የለውምና አያዳላም የሚሉም አሉ። ከላይ ከዘረዘርናቸው ስምንቱ ሦስቱ የውጭ ዜጎች ነበሩ፤ አንዳቸውም በወንበሩ ላይ ዓመት ብዙም አልተሻገሩም። የወንበሩ ችግር ፓስፖርት አይቶ አይለይም። ለአገር ልጅ ጊዜ ሲሰጠው የሚሆነውን ደግሞ በውበቱ አባተ አይተናል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ተሹመው ቡድኑን ከስምንት ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አበቁ፤ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፉ። በቀጣዩ ዓመት ግን እሳቸውም ሄዱ። ገብረመድህን ኃይሌም በብሔራዊ ቡድን ያላገኙትን ጊዜና እምነት በክለብ ሲያገኙ ጅማ አባ ጅፋርን በ2010፣ መቐለ 70 እንደርታን በ2011 ዓ.ም. ሻምፒዮን አድርገዋል። ሰውየው ያው ነው፤ የተቀየረው ወንበሩ ነው።

መጀመሪያ ላይ ለጠቀስናቸው ከተሞች ልጆች ወደ ትልቅ ክለብ የሚወስደው መንገድ ሩቅ አይደለም። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. በሥዩም ከበደ አሰልጣኝነት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ጎንደር አስገብቷል፤ ባሕር ዳር ከተማም በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ ሆኖ አጠናቋል። ከእስቴ፣ ከጋይንት ወይም ከስማዳ የሚነሳ ልጅ እዚያ ሲደርስ የሚለየው ኳስ መቻሉ ብቻ አይሆንም፤ የሚወደው ሰው ሲያስቀምጠው መቀበልን መልመዱም ነው። ይህን የሚማረው ደግሞ ከመጀመሪያ አሰልጣኙ ነው። ስለዚህ ፌዴሬሽኑና የክለብ ቦርዶች በአሰልጣኝ ውል ላይ የምርጫና የዲሲፕሊን ውሳኔ የማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፉ፤ ውሉ ሳያልቅ ሲያሰናብቱም ምክንያቱን ለሕዝብ ይናገሩ። የየወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ በነፃ ለሚያሰለጥነው ወጣት ቢያንስ የሹመት ደብዳቤና የጸደቀ የቡድን ደንብ ይስጡት። ብዙ በጀት አይጠይቅም፤ አንድ ገጽ ወረቀትና አንድ ማኅተም ነው። ፍቅሩን ከእኛ ሳይጠብቅ ራሱ አምጥቶታል፤ ሥልጣኑን መስጠት ግን የእኛ ዕዳ ነው።